አንድ ምት በእኔ ላይ

ጥቁር ውሃ ዳር ላይ፣ ከብት በሚውልበት፣
ዘጠኝ ጉድጓድ አለን፣ ቀርከሃ ያቆምንበት፤
ባንዲራው የማዳበሪያ ጆንያ ቅዳጅ ነው፣
ነፋስ ከሐይቁ ሲነሳ እሱ ነው የሚያሳየው።
የጎልፍ ዳኛ ነኝ። ፊሽካ አልነፋም፣ ቢጫ አላወጣም፣
ሰው ካልጠራኝ በቀር ከጥላ አልወጣም።

«ዳኝነት ምን ይፈልጋል?» ብላ ጠየቀችኝ ልጄ፣
የማትሪክ መጽሐፏን ዘርግታ ከደጄ።
መጀመሪያ ጉልበት ነው አልኳት፣ የምሬን፣
ጤዛ ላይ ስንበረከክ ጨረስኩት ሱሪዬን።
ቀጥሎ ምላስን ከጥርስ ጀርባ መሰብሰብ፤
ሰው በተሳሳተ ዱላ ሊመታ ሲል እያዩ ሌላ ነገር ማሰብ።
ከዚያ ወዳጅ ማጣት፤ ኮንትራክተር ዴንጋሞ
ካምናው ቅጣት ወዲህ አያውቀኝም፣ ባንክ ቤት ሰልፍ ከፊቴ ቆሞ።

ይኸው ነበር መልሴ። ባለፈው ቅዳሜ ግን
ሰባተኛው ጉድጓድ ላይ ሌላ ነገር አየሁ።
አየሁ ስል…
እንዲያውም አላየሁም።

ላሚሶ ጎሚስታው፣ የአሞራ ገደሉ፣
በሦስት ዱላ ይመራል፣ ባለ አሥሮች እያሉ፤
ሽልማቱ ሙክት ነው፣ ከዛፍ ሥር ታስሮ፣
ሁላችንንም ያየናል አንገቱን አዙሮ።

መታ። ኳሷ ነጥራ ከረግረጉ ዳር ወደቀች።
አንድ አባ ኮዳ መጣ፣ ራሰ በራ፣
ልቅሶ ቤት እንደሚገባ ሽማግሌ ቀስ ብሎ፣
ዓሣ መሰለችው መሰል፣ አነሳት፣
ከሸምበቆው በላይ በረረ፣
ሐይቁ ላይ ጣላት።

ደንቡ ቀላል ነው፣ ገጹን በጨለማ አገኘዋለሁ፤
እንስሳ ያነሳው ኳስ ቅጣት የለበትም፣
ሌላ ኳስ ይተካል፣ ከነበረበት ይቀመጣል።
ከነበረበት።
የት ነበረች?

በረራውን ሁሉም አይቷል፣ ማረፊያዋን ግን ማን?
ዴንጋሞ ያኔ ሩቅ ነበር። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።
ጥላዬን ዘጋሁ፣ ጎንበስ አልኩ፣
እንደ ባለሙያ ሣሩን በዓይኔ ለካሁ።

እውነቱ ይሄ ነው፤
ኳሷ ስታርፍ ስልኬን እያየሁ ነበር።
ልጄ «አባ፣ ውጤት መጣ» ብላ ጽፋልኝ፣
ስንት አመጣሽ ስል
ወፉ በላዬ አልፏል፤ ጥላው ብቻ ነካኝ።

ጣቴን ወደ ደረቁ ሣር ላነሳ ስል
«እዚያ አይደለም ጋሼ» አለ ላሚሶ፣
ጎማ ያጠቆረው እጁን ወደ ጭቃው ዘርግቶ፤
«እዚህ ነበረች። ግማሿ ሰምጣ።»
ዱላ ተሸካሚው ልጅ፣ ቡሪሶ፣ ከንፈሩን ነከሰ።
«እርግጠኛ ነህ?» አልኩት።
«እኔ ነኝ ያየኋት» አለ።

ከጭቃው መታ፤ ጭቃው ፊቱን ሸፈነው፣
ኳሷ ግን ንቅንቅ አላለችም።
ደገመ። ሠለሰ።
በመጨረሻው ድምር በአንድ ምት ተሸነፈ፤
ሙክቱን እየነዳ የሄደው ዴንጋሞ ነው፣
ያን ቀን ሰላም አለኝ፣ በፈገግታ፣
ሰላምታው ጎረበጠኝ፣ ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር።

ስንመለስ ከላሚሶ ጋር ባንድ ባጃጅ ተሳፈርን፣
ጉልበታችን እየተነካካ፣ ታቦር ተራራ ከፊታችን ሲያመሽ።
«ጋሼ፣ ስልክዎን ያዩ ነበር አይደል?» አለኝ ቀስ ብሎ፤
ወቀሳ አልነበረም፤
«የኋላ ግራው ጎማ አየር ያንሰዋል» እንደሚል ሰው ነው ያለው።
«አዎ» አልኩት። «ልጄ አለፈች።»
«እንኳን ደስ አለዎት!» አለና ሂሳቤን ከፈለልኝ።

ማታ የደንቡን መጽሐፍ ከኋላ ገለጥኩት፣
ለማስታወሻ የተተወ ባዶ ገጽ አለው።
ቀኑን ጻፍኩ፣ ጉድጓድ ሰባት፣ ቀጥሎም
«አንድ ምት በእኔ ላይ።»
ልጄ በትከሻዬ በኩል አነበበችና «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለች።
ያን ጊዜ ለጠየቅሽኝ ነው፣ አልኳት፣ የቀረ መልስ ነው።

ከዚያ ሱሪዬን ሳወልቅ
ጉልበቱ ንጹሕ ነበር።
ጤዛም ጭቃም አልነካው።